ጀርባው ድሮ ፊት ነበር፦ ስለ አያቷ ማሲንቆ ለጠየቀችን እህት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር ያለች አንዲት እህታችን ከአያቷ የቀረላት ማሲንቆ አለ። ቤተሰቡ "አባ ጅፋር ግቢ የተመታ ነው" (የጅማው ንጉሥ ግቢ ማለት ነው) እያለ ነው ያሳደጋት፣ እሷ ግን እርግጠኛ አይደለችም። ሂርማታ ገበያ ወስዳ ያሳየችው አንድ ነጋዴ ደግሞ "ሁለቱንም ቆዳ ቀይሪው፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ ቫርኒሽ አስቀቢው፣ ያኔ ለቱሪስት ጥሩ ዋጋ አወጣልሻለሁ" ብሏታል። ስድስት ፎቶ ልካ "በእውነት የዛ ዘመን ነው ወይ? ምኑስ ነው የተቀየረው? ልጠግነው ወይስ እንዳለ ልተወው?" ብላ ጠይቃለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ሰውዬው ያለሽን እንዳታደርጊ። ፎቶ 4 ላይ፣ ጀርባው ላይ ማለት ነው፣ ያየሁት ነገር አለ፣ ቆይቼ እመጣበታለሁ፣ ቆዳው ቢነሳ ኖሮ እሱ ነገር ከቆዳው ጋር ቆሻሻ ውስጥ ነበር የሚገባው። ይሄን የምልሽ ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ማሲንቆና ክራር መጠገን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ሽማግሌ እንድጠግንላቸው የሰጡኝ ማሲንቆ ነበር፣ ሳጥኑ ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ደርቆበታል፣ እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ በቤንዚን ጠርጌ ጠርጌ እንጨቱን እንደ አዲስ አወጣሁት። ሽማግሌው መጥተው አዩትና "ይሄ የማነው?" አሉኝ። የራሳቸውን ዕቃ አላወቁትም። ያ የጠረግኩት ጥቁር ነገር የስንት ዓመት የዕጣን ብናኝ፣ የቤት ጭስና የእጅ ወዝ ነበር፣ የቱ ጋር እንደሚይዙት፣ ደጋኑ የቱ ጋር እንደሚመላለስ፣ ሁሉም እሱ ላይ ተጽፎ ነበር። አንዴ ከተጠረገ ደግሞ አይመለስም፣ በቃ።

አሁን ወደ ያንቺው። "ዕድሜው ስንት ነው" የሚለው ጥያቄ ለማሲንቆ ትንሽ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ማሲንቆ አንድ ዕድሜ የለውም። ሳጥኑ የራሱ ዕድሜ አለው፣ አንገቱ የራሱ፣ የፊቱ ቆዳ፣ የጀርባው ቆዳ፣ መቃኛው፣ ብርኩማው (ጭራውን ከቆዳው ከፍ አርጎ የሚይዘው)፣ ደጋኑ፣ ጭራው (የፈረስ ጭራ ክሩ) እያንዳንዱ የራሱ አለው። ጭራ ይበጠሳል፣ ቆዳ ይቀደዳል፣ ደጋን ይሰበራል፣ አዝማሪ ደግሞ ነገ ሠርግ ስላለበት ያገኘውን አስገብቶ ይሄዳል እንጂ ሙዚየም አያስብም። ይሄ የኛ ብቻም አይደለም። የጣልያኗ ክሬሞና ከተማ ሰው ስትራዲቫሪ፣ በ1737 የሞተው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳይምታታብሽ)፣ የሠራቸው ቫዮሊኖች ዛሬ በሚሊዮን ዶላር ነው የሚሸጡት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ግን አንገታቸው ተነክቷል። 1800 አካባቢ አዳራሹ ሲሰፋና የጎላ ድምፅ ሲፈለግ የፈረንጅ ሠሪዎች አንገቱን ረዘም አርገው ወደኋላ ጋደል አደረጉት፣ ከሆዱ ውስጥ ያለውን ደጋፊ እንጨትም በትልቅ ቀየሩት፣ ጫፉ ላይ ያለውን የተጠቀለለ ራስ ግን ከድሮው አንገት ቆርጠው አዲሱ ላይ ሰኩት። ማንም "ይሄ የሱ አይደለም" አላለም። ስለዚህ ያንቺ ዕቃ ተቀይሯል ስልሽ እንዳይከፋሽ። መጠየቅ ያለበት የቱ መጀመሪያ፣ የቱ ቀጥሎ ተቀየረ የሚለው ነው።

ከአንገቱ ልጀምር። ማሲንቆ ላይ አንገቱ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ አይደለም፣ በላይኛው ማዕዘን ገብቶ ሳጥኑን ሰንጥቆ በታችኛው ይወጣል፣ ጭራውም የሚታሰረው እዛ ብቅ ባለው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ አንገት የቀየረ ሰው ሳጥኑ ላይ ምልክት ሳይተው አያልፍም። ፎቶ 2ን አስፍተሽ እዪው፣ አንገቱ ከሚገባበት ቀዳዳ ዳር በግራ በኩል ጥፍር የምታክል ስስ እንጨት ተሰክታለች፣ ሽብልቅ ናት። ሳጥንና አንገት አብረው የተሠሩ ቢሆን ሽብልቅ ምን ያረጋል? ቀዳዳው የተቀደደው ለወፍራም አንገት ነው፣ የገባው ደግሞ ቀጭን ነው፣ ክፍተቱን በሽብልቅ ሞሉት።

ሁለተኛው ምስክር የእጅ ወዝ ነው። ማሲንቆ ሲመታ ጣት ጭራውን እስከ አንገቱ ድረስ አይጫነውም፣ በአየር ላይ እያለ ነው የሚነካው፣ ስለዚህ እንደ ጊታር ፊቱ አይበላም። የሚበላው አውራ ጣትና መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ነው፣ እሱ ጋ ብዙ የተመታ ማሲንቆ እንደ ሲኒ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። ያንቺው አንገት ላይ ልስላሴው አለ ግን ገና ስስ ነው፣ ቢጫነቱ ይታያል። የሳጥኑ የታችኛው ጠርዝ ግን፣ ጉልበት መሀል የሚያዘው ጋ፣ ክብ እስኪሆን ተበልቷል። ጉልበት ብዙ ዓመት ሠርቶ መዳፍ ጥቂት ዓመት ብቻ አይሠራም አይደል? ሳጥኑ የዚህን አንገት ታላቅ ነው ማለት ነው፣ ምናልባትም በብዙ።

እንጨታቸውም አይገናኝም። ሳጥኑ ዋንዛ ይመስለኛል፣ ቀለል ያለ፣ ቡናማ፣ እያደር የሚጠቁር። ጅማ ላይ ደግሞ ዋንዛ ለመለየት እኔን አያስፈልግሽም፣ በርጩማ የሚጠርቡት ሰዎች ጋ ውሰጂና በእጃቸው አስነኪ፣ በክብደቱ ብቻ ይነግሩሻል፣ ከፕሮፌሰር ይበልጥ አምናቸዋለሁ። አንገቱ ግን ባህር ዛፍ ነው ብዬ እወራረዳለሁ፣ ክሩ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ከባድ እንጨት ነው፣ ፎቶ 5 ላይ ደግሞ የፒያላ (የእንጨት መላጊያው) ምልክት አለው፣ ረጅም ቀጥ ያለ፣ ሪባን የመሰለ ልጭታ። ሳጥኑ ላይ እንደዛ የለም፣ እዛ ያለው በምሳርና በቢላ የተጠረበ አጫጭር ገጽ ገጽ ነው፣ በጣትሽ ስትዳስሺው እንደ ውሃ ሞገድ ከፍ ዝቅ ይልሻል። ሁለት እጅ፣ ሁለት መሣሪያ። (ፒያላ የሚለው ስም ራሱ የጣልያን ነው፣ እንደ ኮላና ኮምፔንሳቶ። ያ ማለት ግን ፒያላ ያለበት ሁሉ ከ1936 በኋላ ነው ማለት አይደለም፣ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።)

አሁን ወደ ፎቶ 4። አንቺ "ጀርባው" ብለሽ ነው የላክሽልኝ። የጀርባውን ቆዳ መሀል አካባቢ ዝቅ ብለሽ እዪው፣ ሁለት ትንንሽ ጎድጎድ ያሉ ነጥቦች አሉ፣ ጎን ለጎን፣ በመሀላቸው ሁለት ጣት የማይሞላ ርቀት። ከላይ ደግሞ፣ አንገቱ የሚገባበት ማዕዘን ስር፣ ቆዳው ላይ መዳፍ የሚያክል ጠቆር ያለ ሻካራ ነገር ተጋግሯል። ሁለቱ ነጥቦች የብርኩማ እግሮች ናቸው፣ ጭራውን ከቆዳው ላይ ከፍ አርጋ የምትይዘው የብርኩማዋ። ለዓመታት ስትጫን ቆዳው ሰመጠላት። የተጋገረው ነገር ደግሞ የዕጣን ብናኝ ነው፣ ደጋኑ ጭራ ላይ ዕጣን ካልተቀባ አይጮህም፣ ሲገዘገዝ ይራገፋል፣ እሱ እየወረደ እዛ ይሰበሰባል። እና ጠይቂ፦ ብርኩማና ዕጣን ጀርባ ላይ ምን ይሠራሉ? ጀርባ ላይ ብርኩማ አይቆምም፣ ደጋንም ጀርባ አይመታም።

ስለዚህ ያ ጀርባ ድሮ ፊት ነበር። ሳጥኑ ተገልብጧል። ማሲንቆ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፣ ሁለቱም ወገን ቆዳ ነው፣ አራት ጣውላ በማዕዘን ተጋጥሞ ፊትና ኋላ ቆዳ የተወጠረበት ዕቃ ነው፣ ስለዚህ ፊቱ ሲደክም ወይ ሲላላ አንዱ ጥበበኛ "ገልብጠን ሌላውን ወገን እንምታው" አለ። መቼ ገለበጠው ብትይኝ አንገቱን ሲቀይር ነው እላለሁ፣ አንገቱ ሳይወጣ ሳጥኑን መገልበጥ ስለማይመች፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ነው የጨረሳቸው። ሃያ ምናምን ዓመት ስሠራ እንደዚህ የተገለበጠ ያጋጠመኝ ሁለቴ ብቻ ነው፣ ለዛ ነው ፎቶውን ሳይ ከወንበሬ የተነሳሁት።

ከዛ በኋላ የመጣው ነገር ደግሞ ፊቱ ላይ፣ ማለቴ አሁን ፊት የሆነው ላይ ነው። ይሄኛው ቆዳ አዲስ ነው፣ ነጣ ያለ ነው፣ ጠርዙ በምስማር ተመትቷል። ምስማሮቹ ክብ ቀጭን የፋብሪካ ናቸው፣ ቀጥቃጭ የሠራው ምስማር ቢሆን ጎኑ አራት መዓዘንና ያልተስተካከለ ይሆን ነበር። በተጨማሪ ሰንደቅ ዓላማ ዓይነት ቀለም ተቀብቷል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። እዚህ ጋ አንድ ነገር እንድታይ እፈልጋለሁ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ወስደሽ በስልክሽ አቅርበሽ፦ ቀለሙ የምስማሩን ራስ ሸፍኖታል ወይስ ምስማሩ ቀለሙን ሰብሮ ነው የገባው? እኔ ፎቶ 1 ላይ ቀለሙ የአንዱን ምስማር ራስ ሸፍኖ ወደ ታች ሲንጠባጠብ ይታየኛል። ያ ማለት ምስማሩ ቀድሟል፣ ቀለሙ ተከትሏል። ቀለሙ ደግሞ አንገቱ ላይም አለ፣ ሽብልቋ ላይም አለ። ስለዚህ ተራው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የዋንዛ ሳጥንና የድሮ ቆዳ፣ ቀጥሎ አንገት ተቀየረና ሳጥኑ ተገለበጠ፣ ከዛ አዲስ ቆዳ በምስማር፣ ከዛ ቀለም፣ በመጨረሻ ደግሞ ጭራው ወጥቶ ናይሎን ገባ። ናይሎኑ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ነው የሚመስለው፣ ናይሎን ራሱ ገበያ የወጣው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው፣ እኛ ጋ ማሲንቆ ላይ እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ቆይቷል። ደጋኑን አትጨነቂበት፣ እሱ የትናንት ነው።

አንገቱን ከባህር ዛፍ አንጻር ካየነው ትንሽ ዓመት ላይ መጠጋት ይቻላል። ባህር ዛፍ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ጊዜ በ1890ዎቹ ነው፣ መጀመሪያም አዲስ አበባ አካባቢ ነው የተተከለው፣ ማገዶ ስላለቀ። አባ ጅፋር ዳግማዊ ደግሞ ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። እንግዲህ ባህር ዛፍ ስለሆነ ብቻ "የአባ ጅፋር ዘመን አይደለም" ማለት አይቻልም፣ ቀኑ ይደራረባል። ግን አስቢው፣ ዛፉ ጅማ እስኪዳረስ፣ አድጎ እስኪቆረጥ፣ ደርቆ አንገት እስኪሆን ጊዜ ይፈልጋል። የኔ ግምት አንገቱ ከሳቸው በኋላ ነው የሚል ነው። ሳጥኑ ግን ከአንገቱ በፊት የራሱን ዕድሜ ኖሯል፣ ስለዚህ ሳጥኑ የሳቸው ዘመን ሊሆን ይችላል፣ የሚከለክለው ነገር አላየሁም። ግቢያቸው ውስጥ ተመትቷል ወይ የሚለውን ግን እንጨት አይነግርሽም፣ ቤተሰብ ነው የሚነግርሽ። አክስትሽ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ሄደሽ ድምፃቸውን በስልክ ቅጂ፣ ማን ለማን ሰጠው፣ አያትሽ ከየት ይዘውት መጡ፣ ቀለሙን ማን ቀባው፣ ከኔ ምርመራ ይልቅ እሱ ነው የሚያልፍብሽ።

ኮሜንት ላይ አንድ ወንድማችን "ካርቦን ያስመርምሩት፣ ቁርጡ ይታወቃል" ብሎ ጽፏል። በካርቦን 14 ዕድሜውን ላቦራቶሪ ይለኩት ማለቱ ነው፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው ግን እዚህ ዕቃ ላይ ብዙም አይጠቅምም። ከ1650 አካባቢ እስከ 1950 ባለው ጊዜ ካርቦኑ ይዘበራረቃል፣ 1880ን ከ1930 አይለይልሽም፣ እኛ ደግሞ ማወቅ የምንፈልገው ልክ እሱን ነው። የሚጠቅመው አንድ ነገር ላይ ነው፣ የኑክሌር ቦምብ ሙከራው በ1950ዎቹና 60ዎቹ አየሩ ላይ ካርቦን 14 ስለጨመረ ከዛ ወዲህ ያደገ ፍየል ቆዳው ላይ ይታወቅበታል። አዲሱ ቆዳ አዲስ መሆኑን ለማወቅ ግን ዶላር ከፍለሽ ቆዳ መቁረጥ አያስፈልግሽም፣ እኔ በነፃ ነገርኩሽ። የዛፍ ቀለበት መቁጠርም ፈረንጆቹ የቫዮሊን ፊት ላይ የሚያደርጉት ነው፣ እዛ እንጨቱ ስፕሩስ የሚባል ጥድ መሰል ዛፍ ነው፣ ክረምትና በጋው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ዋንዛ ላይ እንደዛ ጥርት ያለ ነገር አታገኚም።

ይልቅ ርካሽ የሆነ ነገር ልንገርሽ። ሱቆች ብር ሀሰተኛ መሆኑን የሚያዩባት ወይንጠጅ መብራት አለች አይደል፣ እሷን ከአንዱ ባለሱቅ ተዋሺና ማታ መብራት አጥፍተሽ ማሲንቆው ላይ አብሪባት። ከቆዳ የተቀቀለ የድሮ ሙጫ ነጣ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፣ ጎማላካ (እንጨት የሚያብለጨልጭ የድሮ ቅብ) ካለው ብርቱካን ይመስላል፣ የአሁን ክር ደግሞ እንደ ነጭ ሸሚዝ ቦግ ይላል። ጀርባው ላይ ጠርዙን የሰፋ ክር አለ፣ እሱ ቦግ ካለ፣ ኋላ ላይ የተጠገነ ነው፣ እንደዛ ቦግ ካላለ የድሮ ጅማት ወይ ጠፍር የመሆን ዕድል አለው። ዓይንሽን ግን መብራቷ ላይ አትትከዪ።

ሌላው ነቀዙ ነው። ፎቶ 6 ላይ ሳጥኑ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አለ፣ ክብ ክብ። ክብ ከሆነ ነፍሳቱ እንጨቱ ሳጥን ከሆነ በኋላ ነው የወጡበት። እንደ ቦይ ጋደም ብሎ የተከፈተ መስመር ቢሆን ኖሮ ግን እንጨቱ ነቀዝ ከበላው በኋላ ነው የተጠረበው፣ ማለትም ከአሮጌ በር ወይ ከአሮጌ ሳጥን ተቆርጦ "አሮጌ" የተባለ ዕቃ ነው ማለት ነው፣ ለቱሪስት የሚሠራ ፎርጅድ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚያዘው። ያንቺዎቹ ክብ ናቸው፣ ደስ ይበልሽ። ከስሩ ነጭ ወረቀት አንጥፈሽ ሁለት ሳምንት አስቀምጪው፣ ወረቀቱ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ከወረደ ነቀዙ አሁንም ውስጥ አለ፣ ያኔ ንገሪኝ፣ ፍሊት እንዳትነፊበት ብቻ። ውስጡን ለማየት የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ ራጅ ጥሩ ነው፣ አንድ ጊዜ አንድ ወዳጄ የሚሠራበት ክሊኒክ ክራር ይዤ ገብቼ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች "ምኑ ተሰብሮ ነው" እያሉ ሳቁብኝ፣ ግን ውስጡ የቀረ የተሰበረ ምስማር አሳየን።

እሺ፣ ልጠግነው ወይስ ልተወው ላልሽው። የሚመታ ማሲንቆ ከፈለግሽ አዲስ አሠሪ፣ ይሄኛውን ተይው። ቆዳ አይቀየርም፣ አይፈገፈግም፣ ቫርኒሽ አይነካውም። ቀለሙንም አታስለቅቂ፣ ባንዲራ ቀለም አስቀያሚ ነው ብለው ያስለቀቁ አውቃለሁ፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል፣ የአንድ ሰው የደስታ ቀን ነው እሱ። ናይሎኑን መቃኛው ላይ ትንሽ አላልተሽ ተይው፣ ሙሉ በሙሉ ከፈታሽው ብርኩማዋ ትወድቅና የቆመችበት ቦታ ይጠፋብሻል፣ ከማላላትሽ በፊት ከላይ ፎቶ አንሺ። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፣ ቆዳ ውሃ ጠጥቶ ይላላል፣ አዝማሪዎች እሳት ዳር ወይ ፀሐይ ላይ አድርገው ነው የሚያጠነክሩት፣ አሮጌ ቆዳ ላይ ግን እንደዛ ካደረግሽ ይተረተራል። ምድጃ የሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ከውጭ ግድግዳ ራቅ አድርገሽ፣ በንጹህ ነጠላ ወይ አቡጀዲ ጠቅልለሽ ጋደም አድርጊው፣ ላስቲክ ውስጥ አይገባም፣ ይሻግታል። ከፊትሽ ያለውን ከሌላ ጋር ማስተያየት ከፈለግሽ አዲስ አበባ ስትሄጂ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎራ በዪ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ክፍል ማሲንቆ አለ፣ የሳጥኑን ቅርፅና የአንገቱን ርዝመት ከዛ ጋር እዪው።

እኔ እዚሁ ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ነኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቤት አለሁ፣ ከመጣሽ በእጄ ይዤ ብነግርሽ ይሻላል። ካልተመቸሽ ሁለት ፎቶ ብቻ ጨምሪልኝ፦ አንዱ ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ጎድጓዳ ነጥቦች፣ መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን አድርገሽ፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠሽ መጠኑን እንዳውቅ፣ ሌላው ደግሞ ሽብልቋ በቅርብ። ነጥቦቹ መሀል ያለውን ርቀት ካወቅኩ የድሮዋ ብርኩማ ምን ያህል እንደነበረች እነግርሻለሁ። የሂርማታውን ነጋዴ ስልክ ደግሞ እስከዛ አታንሺ።